ተመትቶ የሚነሣ ጅብ

«ስቻለሁ» አሉ እትዬ ሲቲ፣ የቡሽ ጠመንጃውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ። «አምስት ተኩሼ አምስቱንም ስቻለሁ።»

«ጅቡ ሲሮጥ ከአፍንጫው ትንሽ ቀደም አድርገው ነው» አለ ወልደተንሣኤ። ከጨዋታው ሣጥን ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መዘውሩን ያዞራል፤ መዘውሩ በዞረ ቁጥር ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠው ጅብ በሽቦው ላይ ይፈተለካል።

እትዬ ሲቲ ስድስተኛውን ቡሽ አጎረሱ። ጧ! ጅቡ ተመታና ወደ ኋላ ተገነደሰ። ድምፅ የለ፣ ምን የለ። ወደቀ፤ እዚያው ቀረ። እሳቸውም የወደቀውን ቆርቆሮ ትንሽ አዩትና ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

ጨዋታው የሟች ባላቸው የዓብዱ ነበር። በአህያ ጭነው፣ ከአልዩ አምባ እስከ ለሚ ገበያ በዋለበት ሁሉ እየዘረጉ፣ ሃያ ዓመት ሰው አጫውተውበታል። ዓብዱ ካለፉ በኋላ ሣጥኑ የዝናብ መጫወቻ ሆነና ጅቡንና ጭላዳውን ዝገት በላቸው። እትዬ ሲቲ የተረፈውን ሰብስበው ደብረ ብርሃን ድረስ አመጡና ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ለሚሠራው ለወልደተንሣኤ «እንደ ነበረ አድርገህ ሥራልኝ» አሉት።

እንደ ነበረ ግን አልሠራውም። ከኦጋዴን እያነከሰ የተመለሰ ሰው ነውና ጠመንጃ ምን እንደሆነ ያውቃል። የጎበጠውን አፈሙዝ አቀና፤ ማነጣጠሪያ አበጀለት። ጅቡን ከድሮው እጥፍ አስሮጠው። ሲመታ ያስጮኸው የነበረውን ጣሳ ነቅሎ ጣለው፤ ጭላዳውንማ ጭራሽ ተወው። ሦስት ሳምንት ለፍቶበታል፤ ኮርቶበታልም።

«ምነው፣ አልወደዱትም?»

«እጅህ ወርቅ ነው፣ ወልዴ። ወላሂ፣ አፈሙዙን ማቅናትህ ደግ አደረግህ። የዓብዱ ጠመንጃ ወደ አንኮበር ሲያነጣጥሩበት ጣርማ በርን ነበር የሚመታው።» ሁለቱም ሳቁ። «ግን ይሄ ጅብ ምን ሆኖ ነው ዝም የሚለው?»

«ሞቶ ነዋ።»

«የዓብዱ ጅብ ዋይ ብሎ ይወድቅና ተመልሶ ይነሣ ነበር። ጭላዳው ደግሞ መቀመጫውን ያዞርብህ ነበር። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ገበያው ዳር ድረስ ይሰማል።»

«እሱ ድሮ ነው፣ እትዬ። አሁን ስንት ሰው ጠመንጃ ይዞ ዘምቶ ተመልሷል። ያ ሰው ተመትቶ የሚነሣ ጅብ ቢያይ ይስቅብናል።»

«ይሳቅ! ሊስቅ አይደል እንዴ የሚመጣው?» እትዬ ሲቲ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለፊታችን ገበያ ስዘረጋው ሰዉ እንዲህ ዝም ብሎ ተኩሶ፣ ዝም ብሎ ከሄደ፣ ዓብዱን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው።»

ወልደተንሣኤ ሞረዱን አነሣና ሞረድ የማያስፈልገውን ነገር መሞረድ ያዘ።

«የወደቀ ሲነሣ አላየሁም እኮ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ከጎኔ ስንቱ ወደቀ። አንድም አልተነሣም። ማጠፊያውን ስሠራ፣ ጅቡ እንዲነሣ ላድርገው ብዬ ነበር። እጄ እንቢ አለኝ።»

እትዬ ሲቲ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሠሩ።

«እኔም አላየሁም» አሉ በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ወደቀ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ አልተነሣም። ለዚህ እኮ ነው፣ ልጄ፣ ጨዋታ የሆነው።»

ሞረዱ ቆመ። ወልደተንሣኤ ጅቡን ከሽቦው አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስተኛው። ከተበላሸ ሰዓት ቀጭን ሞላ አወጣ፤ በፒንሳ ጠምዝዞ ማጠፊያው ሥር አስገባው። መጀመሪያ ሲሞክረው ጅቡ ገና ከመውደቁ ሰልፍ እንደ ተጠራ ምልምል ቀጥ ብሎ ቆመ። እትዬ ሲቲ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞላውን አላላው። አሁን ጅቡ ወደቀ፤ ጥቂት ቆየ፤ መጀመሪያ ጆሮው፣ ቀጥሎ አፍንጫው፣ ባለቤቱ መተኛቱን እንደሚያጣራ ሌባ እያጮለቀ ተነሣ።

«እሱ ነው!» አሉ እትዬ ሲቲ። «መዘውሩንም ቀስ አድርግልኝ። ቆርቆሮ ነው፣ የት ይደርሳል ብለህ ነው?»

ቀስ አደረገላቸው። አነጣጠሩ፤ ተኮሱ። ጅቡ ተገነደሰ። ጣሳው ግን የለም፤ ከየት ይምጣ? ወልደተንሣኤ ከሣጥኑ ጀርባ አንገቱን ቀብሮ ራሱ «ዋይ!» አለ።

ድምፁ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። እትዬ ሲቲ እየሳቁ የከሰሉ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። «ድገመው» ይላሉ፣ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፤ «በአላህ ይሁንብህ፣ ድገመው።»

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የወጡ ሁለት ሴቶች ሳቁን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛዋ አንገቷን አስገባች።

«ምን መጣ? ስኳር ነው?»

«ጅብ ነው» አሉ እትዬ ሲቲ።

ሴትየዋ ወደ ሣጥኑ፣ ከዚያ ወደ ጠመንጃው አየች። የያዘችውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠች። «ታዲያ ወረፋው ከማን ቀጥሎ ነው?»

ወልደተንሣኤ መዘውሩን ለእትዬ ሲቲ አስያዘና ተነሥቶ እያነከሰ ወደ ጠረጴዛው ተሻገረ። ከተመለሰ ወዲህ ጠመንጃ የሚባል ነገር ትከሻው ነክቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሲፈትሸው የነበረው ጠረጴዛ ላይ በገመድ አሥሮ ነው። አነሣው። ቀላል ነበር። ቡሹን አጎረሰ።

«ከኔ ቀጥሎ» አለ።