የሳሎኑ ወፍጮ

ወፍጮው የዚያችን ልጅ ስም ለማሂደር ነገራት! በእናቴ፣ ድንጋዩ ራሱ!

ድንጋይ ድሮ የሰማውን ማውራት ከጀመረ ወዲህ፣ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ከቤቱ አንድ ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ግን አንዱ ድንጋይ የሚያወራው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ከዚያ በቃ፣ ዝም።

ማሂደር ሳሎናቸው ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ የሆነውን የቅድመ አያቷን ወፍጮ ነካ አደረገችው።

"ማን ያውቃል!" ብላ ከድንጋዩ ውስጥ አንዲት እመቤት ተጣራች።

"እግዜር ያውቃል!" አለች የምትፈጨዋ ልጅ።

ለባሪያ የሚወጣው ስም እንደዚህ ነበር፤ እመቤት ትጀምራለች፣ ባሪያዋ ትጨርሳለች። እመቤቲቱ ራቅ ስትል ግን ልጅቷ እውነተኛ ስሟ እንዳይጠፋባት ቀስ ብላ "ዱሬቲ ነኝ፣ ዱሬቲ ነኝ" አለች።

ማሂደር እጇን ከድንጋዩ አነሳች። የልጅቷ ድምፅ እኮ የእኩያዋ ነው!

"እማዬ፣ ነገ ክፍል እወስደዋለሁ!"

"አንቺ! የአያቶችሽን ጉድ ለሰው? ይልቅ ትንሹ ወንድምሽ ሲያድግ ይስማው፤ የቀረው አንዱ ጊዜ ለሱ ይቆይለት እንጂ።"

"እነሱ የደበቋትን እኔም ልደብቃት?"

 እናቷ ከወፍጮው ላይ ያነሳችውን አበባ እንደታቀፈች ቆመች፤ ወፍጮው ላይ መልሳ ማስቀመጥ አቃታት።

የቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ ለማን ታሰሙታላችሁ?