ሃያ ስም

«በኔትወርክ ቢዝነስ የሚያልፍለት፣ እሱን የሚያምኑ ሰዎችን የሚያስገባ ብቻ ነው» አለኝ አሠልጣኜ። አመንኩት። እናቴን ከነእህቶቿ አስገባሁ። እናቴ ለመመዝገቢያ ብላ የሸጠቻት የስፌት መኪና እንደወጣች ቀረች። አክስቶቼም እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

እኔ ግን አልወጣሁም። ዘንድሮ ሃያ ሰው አስገብቼ አንደኛ ሆንኩ። የሽልማቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አሠልጣኜ መድረክ ላይ አቀፈኝና፣ «ጀግናዬ! እስኪ ያስገባቻቸውን ሰዎች ስም ላንብብላችሁ» ብሎ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለ።

«ወይዘሮ ታንጉት ዋሴ፣ ከደብረ ታቦር...»

ማይኩን ከአፉ አራቀ።

«እናትህ የሚያልቧትን ላም ሸጠው ነው የገቡት» አልኩት ማይኩን ተቀብዬ። «ልጄን ላስደስተው ብለው። ቀጥል እንጂ፤ ሁለተኛዋ እህትህ ናት።»