ጀርም የምትቀልብ ምራት

"ሰው ጀርም ይገድላል እንጂ ገዝቶ አፉ ውስጥ ይቀልባል?" አሉኝ አማቴ፣ የጥርስ ሐኪሙ ያዘዘልኝን የድድ ጄል በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። ከእርጎ የተገኘ ደግ ባክቴሪያ እንዳለው፣ ድድ የሚያደማውን መጥፎውን እንደሚያባርር ነገርኳቸው። ማን ሊሰማ! "የኛ ድድ በመፋቂያ ነው የኖረው" ብለው ሳቁብኝ። ያ ድዳቸው የገመጡትን ዳቦ ሁሉ ደም ያስነካል፤ ኩራታቸውን ግን ደም ነክቶት አያውቅም።

ለጎረቤቱ ሁሉ "ጀርም የምትቀልብ ምራት ጣለብኝ" እያሉ አዳረሱ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ "በእርጎ ጾም ልታስገድፊን ነው?" ብለው ጄሉን ነጠቁኝና ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። እኔ ድዴ እየደማ ጾምኩ።

በፋሲካ ማለዳ ዶሮ ወጡን ከበን ተቀመጥን። አማቴ ዳቦውን ሳይቆርሱ በዚያ ቤት እህል የሚቀምስ የለም። እሳቸው ግን ከመኝታ ቤታቸው የወጡት ድዳቸውን በጣታቸው እያሹ ነበር። ባለቤቴ ቢላዋውን ሲያቀብላቸው ተቆጡ።

"ምን ያስቸኩልሃል? ጄሉን ከተቀቡ በኋላ እኮ ግማሽ ሰዓት ምግብ አይነካም!"