ከቴሌቪዥኑ ጀርባ

ይሄ ኮምፒውተር ሳምንቱን ሙሉ ደሜን አፍልቶታል። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የድሮ የቤት ኮምፒውተር ነው፤ ምስሉ ብቅ ይልና ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ካፓሲተሮቹን ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች! በሞት የተለያቸው የእትዬ ለተኪዳን ልጅ ዕቃ ስለሆነ ደግሞ፣ «አይሠራም» ብዬ ልመልሰው አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ፒያሳ ያለችው ሱቄ ጠባብ ናት፤ የምሠራው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተወሽቄ ነው። ስክሪኑ አይታየኝም። ስለዚህ እትዬ ለተኪዳን ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና፣ ድሮ አንቴና ስናዞር እንደምንባባለው፣ «መጣ»፣ «ሄደ» ይሉኛል።

ዛሬም በሩ ተከፈተ፤ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ቀና ሳልል ሥራዬን ቀጠልኩ።

«አሁንስ?»

«ሄደ።»

ሌላ ቦታ በየድኩ። «አሁንስ?»

«ሄደ።»

«ኧረ እትዬ፣ በደንብ ይዩልኝ!» ካቻቪቴዬን ወረወርኩና ሽቦውን በንዴት ጫን አደረግኩት።

«መጣ።»

ላቤን እየጠረግኩ ወደ ፊት ወጣሁ። ምስሉ ጥርት ብሎ ቆሟል። ወንበሩ ላይ ግን ማንም የለም።

ያኔ እትዬ ለተኪዳን ዣንጥላቸውን እየዘጉ ከውጭ ገቡ። «አስጠበቅኩህ አይደል? ጊዮርጊስ ጋ ዝናቡ ያዘኝ» አሉ። የሚያዩት ግን እኔን ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አሁን የወጣሁበትን ቦታ ነበር።

አፌን ሳልከፍት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የራሴ ድምፅ ጠየቀ።

«አሁንስ?»

እትዬ ለተኪዳን እንደሌለሁ ሁሉ በአጠገቤ አልፈው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«መጣ፣ ልጄ» አሉት።