አንድ ካሜራ

«እዚህ ጋ አቁመው!» ይላል የኮሚቴው ሰብሳቢ።

ቴክኒሻኑ ሪሞቱን ይጫናል። ፋይል መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ቴሌቪዥን ውስጥ፣ ኳሷ አየር ላይ፣ አጥቂዋ ከመጨረሻዋ ተከላካይ ሁለት እርምጃ አልፋ፣ ደርቀው ይቀራሉ።

«ይሄን ኦፍሳይድ እኮ አማቴም ታየዋለች፤ ያውም መነጽሯን ሳታደርግ!»

ጸሐፊው ይስቃል። ለሳቁ አበል የሚታሰብለት ይመስላል።

የመስመር ዳኛዋ ከጠረጴዛው ማዶ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቅዳሜ ባንዲራዋን አላነሳችም፤ ጎሉ ጸደቀ፤ የተሸነፈው ክለብ አቤት አለ። ትናንት በስልክ የተነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ባጅሽን ይዘሽ ነይ።» ይዛዋለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ በመሀረብ ተጠቅልሏል። ዘጠኝ ዓመት ሮጣበታለች። በሠላሳ አራት ዓመት የተነጠቀ ባጅ ደግሞ አይመለስም። ከተነጠቁት ከምታውቃቸው አንዷ ሱቅ ከፍታለች፤ ሌላዋ ኳስ ሲመጣ ቴሌቪዥን ታጠፋለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ኳሷ ልትደርስ ስትል ነው» ትላለች። «ኦፍሳይድ የሚታየው ከአማካይዋ እግር ስትለቅ ነው። ወደ ኋላ ይመለስልኝ።»

«ልጄ፣ ካሜራ አይዋሽም።»

«አይዋሽም። ግን አንድ ነው።»

ለወንዶቹ ጨዋታ ስምንት ካሜራ ይቆማል። ለሴቶቹ አንድ፣ እሱንም የሚያዞር አንድ ሰው። ፌዴሬሽኑ ይህችኑ «የቪዲዮ ዳኝነት» ብሎ ሪባን ቆርጦ መርቋታል።

ከሰብሳቢው ጎን የዳኞች አሠልጣኙ አንገታቸውን ደፍተዋል። «ኳሷን በጆሮሽ፣ መስመሩን በዓይንሽ» ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የመስመር ዳኛ መቺዋንና ተከላካይዋን በአንዴ ማየት አትችልም፤ ዓይኗን ተከላካይዋ ላይ ተክላ የምቱን ድምፅ ትጠብቃለች።

«መልሰው እስቲ» ይላሉ በመጨረሻ፣ ለጫማቸው።

ቴክኒሻኑ ይመልሰዋል። ሜዳው ይጠፋና የክብር ወንበሮቹ ይመጣሉ። ካሜራማኑ በዚያች ቅጽበት ሰብሳቢውን ሊያሳይ ዞሮ ኖሯል። ሰብሳቢው አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ተኝቷል።

የሚስቅ የለም። ጸሐፊው እንኳ።

«ድምፁን ክፈትልኝ፣ ወንድሜ» ትላለች የመስመር ዳኛዋ።

ቴክኒሻኑ ሰብሳቢውን ያያል፤ አሠልጣኙን ያያል፤ አውራ ጣቱ ግን ማንንም ሳያይ ይጫናል። የተመልካቹ ጩኸት ክፍሉን ይሞላዋል። ከዚያ፣ የተኛው ፊት ስክሪኑ ላይ እንዳለ፣ ጥርት ያለ ምት ይሰማል፦ ጧ! ካሜራው ተንደርድሮ ወደ ሜዳው ሲመለስ ኳሷ አየር ላይ ናት፤ አጥቂዋም ሁለቱን እርምጃ ሮጣ ጨርሳለች።

«ሰማችሁ? ስትመታ እኩል ነበሩ። እኔ አይቻቸዋለሁ።»

«ሰማን» ይላል ሰብሳቢው። «አየን ግን አላልንም። ኮሚቴው የሚወስነው በምስል ነው።» እጁን ይዘረጋል። «ባጁን።»

ወደ አሠልጣኙ ትዞራለች። የጫማቸው ክር አልተፈታም፤ እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ያስሩታል።

መሀረቡን ትፈታለች። ጸሐፊው የምትፈርምበትን ደብዳቤ ያቀርብላታል። በደንብ ተተይቧል፣ ማኅተም አርፎበታል፤ ቀኑ የትናንት ነው።

«ላጥፋው?» ይላል ቴክኒሻኑ። ሳያስበው ምስሉን መልሶ የተኛው ሰው ላይ አቁሞታል።

 እሷ እየፈረመች ቀና ትላለች። ስክሪኑ ላይ፣ ከሰብሳቢው ጀርባ ያለው ተመልካች በሙሉ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አስግጎ፣ ካሜራው ያላየውን ያያል።