ያልተነገረው የሐኪም ቃል

እናኑ የተቆላውን ተልባ ጓዳ ተቀምጣ በሙቀጫ ትወቅጣለች። ትወቅጣለች፣ ታቆማለች፣ ከግድግዳው ወዲያ የአባቷን ትንፋሽ ታዳምጣለች፤ ደግሞ ትወቅጣለች።

አባቷ አቶ ድረስ ከሐሙስ ማታ ጀምረው አክፍለዋል። እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልም ውሃም የለም። ዛሬ ገና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። አምና እንዲሁ አክፍለው፣ በባዶ ሆዳቸው ዶሮ ወጥ በልተው፣ ጎህ ሳይቀድ ደም አስታወኩ። «ጨጓራዎ ቆስሏል፤ ሁለተኛ ሆድዎን ባዶ እንዳያውሉት» ብሏቸው ነበር ሐኪሙ።

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ታጠልለዋለች። ወፍሮ፣ እየተሳበ ይወርዳል። የሚሊኒየሙ አበባ በታተመበት ኩባያ ቀድታ ትገባለች።

«አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ። ተልባ የጾም ነው። ቁስሉን ይሸፍንልዎታል፣ አንጀትዎንም ያለሰልሰዋል። ለልብም ደግ ነው ብለው አስተምረውናል።»

«ገና ነርስ ሳትሆኚ ማከም ጀመርሽ? ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እጠጣዋለሁ።»

«አምናም እንዲሁ ብለው ነበር» ትላለች እናቷ ሀብትነሽ ከደጅ። «ዶሮው ሲሸትዎ ተልባውን ማን አስታወሰው!»

«ቄስ ገብረሰንበት በሰባ ዓመታቸው አክፍለው፣ እኔ በሃምሳ አምስቴ ልሸነፍ?»

ግንባራቸውን አልቧቸዋል። ከጋቢው ሥር እጃቸው ሆዳቸውን ጨብጧል። እናኑ ኩባያውን ታስቀምጣለች፤ ታነሳለች፤ መልሳ ታስቀምጣለች።

የቃጭል ድምፅ ይሰማል። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረሰንበት ቄጤማ ሊያድሉ መጡ። ድረስ ሊነሱ ሞክረው መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ቄሱ።

«ደህና ነኝ አባቴ።»

«ሐኪም ከልክሏቸው ነበር» አለች እናኑ። ድምጿ ለራሷም በግድ ነው የተሰማት። አባቷ አፈጠጡባት።

ቄሱ ቄጤማውን እንደያዙ ወደ ድረስ ዞሩ። «ይህን ለእኔ አልነገርኸኝም።»

ድረስ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ።

«እኔ ሌሊት ቅዳሴ አለብኝ። አንተ ምን አለብህ?»

«እርስዎ እያከፈሉ እኔ እንዴት...»

«ከእኔ ጋር ልትሽቀዳደም ነው እንዴ ያከፈልኸው?»

ቄሱን ተከትላ የገባችው ሀብትነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ቄሱ ኩባያውን ራሳቸው አንስተው ባረኩትና ለድረስ ሰጧቸው።

«ጠጣ። የነፍስ አባትህ ነኝ፤ ፈትቼሃለሁ።»

ድረስ ጠጡ። ቄሱ የደረቀ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ የሚጠጣውን ሰው ጉሮሮ እያዩ እሳቸውም ምራቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ለሁሉም ቄጤማውን አስረው፣ ቃጭላቸውን እየመቱ ወደ ጎረቤት አለፉ።

«ጨው ረስተሻል» አሉ ድረስ፣ ልጃቸውን ሳያዩ።

እናኑ አጠገባቸው ተቀምጣ ትጠብቃለች። ብዙ ቆይቶ እጃቸው ከጋቢው ሥር ይወጣል። ጣቶቹ ተዘርግተው መደቡ ላይ ያርፋሉ። ተኝተዋል።

ኩባያውን ይዛ ትወጣለች። ተልባው እያዳለጠ አልለቅ ስላላት ሦስት ጊዜ ታጥበዋለች። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ትደፋዋለች።