ለሦስት ወር ያልተፈረመው ቅጽ

ኩልሱም ጡረታ ከወጣች በኋላ ለጤና ኢንሹራንስ እንድትመዘገብ የተሰጣት ሦስት ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ከዙሪክ የመጣችው ልጇ ሉበና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እስክሪብቶ አቀበለቻት። ኩልሱም ግን መነጽሯን አድርጋ መስመር በመስመር መረመረችው፤ ገልብጣም ጀርባውን አየች።

«ስለ በሽታ የሚጠይቀው የታለ?»

«አይጠይቁም፣ እማ። የታመመም ቢሆን መቀበል ግዴታቸው ነው።»

«ያልጠየቀ ሰው ቀድሞ ያወቀ ነው። አንቺንስ ሥራሽን አስጥሎ እዚህ እኔ ያለሁበት ሻትሌን ድረስ ያስሮጠሽ ምንድን ነው?»

«ቀኑ እንዳያልፍብሽ ብዬ ነው፤ ወላሂ!»

ኩልሱም የልጇን ዓይን ትኩር ብላ አየች። ከዚያ ፈረመች። ቅጹ ፖስታ ውስጥ ገብቶ እስኪታሸግ ጠበቀችና የሉበናን እጅ ይዛ ግራ ብብቷ ሥር አሳረፈችው።

«እንግዲያው ይህን ዳብሺው» አለቻት። «ከረመዳን ወዲህ እያደገ ነው።»